ከኩንታል ባሻገር፦ የአንድን ወረዳ የኑሮ ደኅንነት እንዴት እንለካለን?

ጎጃም ለገበያ የሚተርፍ እህል ከሚመረትባቸው የሀገራችን አካባቢዎች በግንባር ቀደምነት ይጠራል። የቡሬና የወምበርማ በቆሎ፣ የእነማይና የሸበል በረንታ ጤፍ ተጭኖ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ዓመታዊ ሪፖርትም በአብዛኛው ስንት ሄክታር እንደታረሰና ከሄክታር ስንት ኩንታል እንደተገኘ በመዘርዘር ይጀምራል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል 46 ከመቶ ያህሉ የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው ቁመታቸው ያጠረ መሆናቸውን አሳይቷል፤ በዚያው ጥናት የሀገሪቱ አማካይ 38 ከመቶ ነበር። እህል ተርፎ በሚሸጥበት ክልል የልጆች መቀንጨር ከሀገሪቱ አማካይ በልጦ መገኘቱ የምርት ቁጥር ብቻውን ሊያስረዳው የማይችል ነገር ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለውን ጉዳይ በቁጥር አስደግፈው ማሳየት ለሚፈልጉ የወረዳ ዕቅድ ባለሙያዎች፣ የምክር ቤት አባላትና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ሲሆን፣ መንግሥታት በሀገር ደረጃ የሚጠቀሙባቸውን ዘዴዎች በአንድ ወረዳ አቅም እንዴት መሥራት እንደሚቻል ያሳያል።

የምርት ስሌቱ የሚቆጥረውና የሚተወው

ጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት የሚባለው በአንድ ዓመት ውስጥ የተመረቱ የመጨረሻ ዕቃዎችና አገልግሎቶች ዋጋ ድምር ነው። የብሔራዊ ገቢን ስሌት መሠረት ከጣሉት አንዱ የሆነው ሳይመን ኩዝኔትስ እ.ኤ.አ. በ1934 ለአሜሪካ ሴኔት በቀረበው ሪፖርቱ፣ የአንድን ሕዝብ ደኅንነት ከብሔራዊ ገቢው መጠን ተነሥቶ መገመት እንደማይቻል ገና ከጅምሩ አስጠንቅቆ ነበር። በስሌቱ ደንብ መሠረት ገበሬው አምርቶ ለራሱ ቤት ያዋለው ጤፍ ይቆጠራል፤ ውኃ መቅዳትና ማገዶ መልቀምም ቢሆኑ በመርሕ ደረጃ ይገባሉ፤ እንጀራ መጋገር፣ ልጅ ማሳደግና የታመመ ማስታመም ግን ክፍያ እስካልተፈጸመባቸው ድረስ ከሒሳቡ ውጭ ናቸው። የአዊ ገበሬ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዛፍ ቆርጦ ከሰል ሲያወጣ ሽያጩ በምርትነት ይመዘገባል፤ ከጮቄ ተዳፋት ታጥቦ የሄደው አፈርም ሆነ አሲዳማ ሆኖ ኖራ ካልተበተነበት አላበቅል ያለው ማሳ ግን ከድምሩ ላይ አይቀነስም። ዲከረንሱ የደከመ መሬታቸውን እንዳሻሻለላቸው የሚናገሩ ገበሬዎችም ብዙ ናቸው፤ ይህ ጥቅም ራሱ ቢሆን በዓመቱ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም።

ይህን ማለት ምርትን መለካት ይቅር ማለት አይደለም። ምርት ሲወድቅ የሚርበው ሰው ስለሆነ፣ የኩንታሉ ቁጥር በቦታው ይቆያል፤ የሚጨመረው ከጎኑ ነው።

መንግሥታት የሄዱባቸው መንገዶች

በዚህ ጉዳይ ስሟ ቀድሞ የሚነሣው የእስያዋ ትንሽ ሀገር ቡታን ናት። የንጉሥ ጂግሜ ሲንግዬ ዋንግቹክ ሐሳብ የሆነው «ጠቅላላ ብሔራዊ ደስታ» ለብዙ ዓመታት አባባል ሆኖ ከቆየ በኋላ በ9 ዘርፎችና በ33 አመልካቾች ተዘርዝሮ ወደ መለኪያነት ተለውጧል። ዘርፎቹ የኑሮ ደረጃን፣ ጤናንና ትምህርትን ብቻ ሳይሆን የጊዜ አጠቃቀምን፣ የማኅበረሰብ ትስስርን፣ ባህልን፣ መልካም አስተዳደርን፣ ተፈጥሮንና የሥነ ልቦና ሁኔታን ይጨምራሉ። ለእያንዳንዱ አመልካች «ይህን ያህል ካለው ይበቃዋል» የሚል ወሰን ተቀምጦ፣ አንድ ሰው ከአመልካቾቹ ክብደት ቢያንስ 66 ከመቶውን ካሟላ ደስተኛ ተብሎ ይመደባል። ጠቋሚው እ.ኤ.አ. በ2015 ከነበረበት 0.756 በ2022 ወደ 0.781 ከፍ ብሏል። ለእኛ ሥራ የሚጠቅመው ከውጤቱ ይልቅ የበቂነት ወሰን የሚለው አሠራር ነው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

የብሪታንያ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በትልልቅ የቤተሰብ ጥናቶቹ ውስጥ አራት ጥያቄዎችን ይጠይቃል፤ እነርሱም በኑሮዎ ምን ያህል ረክተዋል፣ የሚያደርጉት ነገር ምን ያህል ትርጉም አለው ብለው ያምናሉ፣ ትናንት ምን ያህል ደስ ብሎዎት ነበር፣ ትናንት ምን ያህል ተጨንቀው ነበር የሚሉ ሲሆኑ መልሳቸው ከ0 እስከ 10 ይሰጣል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2008 ኢኮኖሚስቶቹ ጆሴፍ ስቲግሊትዝ፣ አማርትያ ሴንና ዣን ፖል ፊቱሲ የመሩትን ኮሚሽን አቋቁማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሪፖርቱ ትኩረት ከምርት ወደ ቤተሰብ ገቢና ፍጆታ፣ ከአማካይም ወደ ክፍፍል እንዲዞር መክሯል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2019 «የደኅንነት በጀት» ያለችውን አጽድቃ ለአእምሮ ጤና ከፍ ያለ ገንዘብ መደበች፤ ዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ሰባት ግቦች ያሉት ሕግ አውጥታ የመንግሥት ተቋማት የመጪውን ትውልድ ጥቅም እንዲያገናዝቡ አስገደደች።

ሀገራችንም ከባዶ አትነሣም። የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ሲያካሂድ ከእርሱ ጋር የኑሮ ሁኔታ መከታተያ ጥናት አብሮ ሠርቷል። ከድህነት ወለል በታች የነበረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. ከነበረበት 45.5 ከመቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 ከመቶ መውረዱን ያወቅነው ከእነዚህ ጥናቶች ነው። ወለሉ በቀን ለአንድ አዋቂ 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ ምግብና ሌሎች መሠረታዊ ወጪዎችን የሚሸፍን ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተካሄደው ሀገር አቀፍ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ደግሞ ሴቶችና ወንዶች ቀናቸውን በምን እንደሚያሳልፉ መዝግቧል። የወረዳ ባለሙያ መጠይቅ ከማርቀቁ በፊት የእነዚህን ጥናቶች መጠይቅ አግኝቶ ማንበብ አለበት፤ ተፈትኖ የተስተካከለ የአማርኛ ጥያቄ እያለ አዲስ መፍጠር ድካም ከመሆኑም በላይ የወረዳውን ውጤት ከክልሉና ከሀገሩ ጋር ለማነጻጸር አያስችልም።

መጀመሪያ ውሳኔው፣ ከዚያ አመልካቹ

አብዛኛው የልኬት ሥራ የሚበላሸው ባለሙያዎች ተሰብስበው «ምን እንጠይቅ?» ብለው ሲጀምሩ ነው። መቅደም ያለበት በጥናቱ ውጤት ማን ምን እንደሚወስን መለየት ነው። ለምሳሌ ምክር ቤቱ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ምንጭ ማጎልበትን፣ የጤና ኬላ ዕድሳትንና የውስጥ ለውስጥ መንገድን የሚያማርጥ ከሆነ፣ ለእነዚህ ሦስት ምርጫዎች የማያግዝ አመልካች ምንም ያህል ቢማርክ ይቅር። በእኔ ግምት ለአንድ ወረዳ ከ12 እስከ 15 አመልካች ይበቃል። ሠላሳና አርባ አመልካች የሚይዝ መጠይቅ መልስ ሰጪውንም ጠያቂውንም ያሰለቻል፤ ከመካከሉ በኋላ የሚሞላው መልስም የሚታመን አይሆንም።

ዘርፎቹን በሚመርጡበት ጊዜ ጤናን፣ ትምህርትን፣ ምግብን፣ ውኃንና መብራትን ማንም አይረሳም። የሚዘነጉት ሌሎቹ ናቸው። አንዱ ጊዜ ነው፤ አንዲት እናት ውኃ ለመቅዳት፣ ወፍጮ ቤት ለመድረስና ማገዶ ለማምጣት የምታጠፋው ሰዓት ይጠየቅ። ሌላው ማኅበራዊ ትስስር ነው፤ ቤተሰቡ የዕድር አባል ነው ወይ፣ ባለፈው የእርሻ ወቅት ደቦ ጠርቶ መጥቶለታል ወይ፣ በድንገት ገንዘብ ቢያስፈልገው በሳምንት ውስጥ ከሰው ማግኘት ይችላል ወይ። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በቀደሙት የሀገራችን ጥናቶች 100 ብር ተብሎ ይጠየቅ ነበር፤ ዛሬ 100 ብር የድንገተኛ ችግር መጠን ስላልሆነ፣ ገንዘቡን በአካባቢው የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ወይም በሌላ ከገበያ ጋር በሚሄድ መጠን መተካት ይሻላል። ሦስተኛው የጸጥታ ስሜት ነው። በበለጸጉት ሀገራት «በሰፈርዎ ሌሊት ብቻዎን ሲሄዱ ይሠጋሉ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ እዚህ ግን ገበያ ደርሶ ለመመለስ፣ ወላድን ጤና ጣቢያ ለማድረስ ወይም ልጅን ትምህርት ቤት ለመላክ ሥጋት አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ለኑሮው ይቀርባል።

ወሰን ማስቀመጥ፦ ጎተራው የሞላ ቤት

አመልካች ከተመረጠ በኋላ ከየት ጀምሮ «ጎድሎታል» እንደሚባል መወሰን ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ እጅግ ጠቃሚው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2010 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም መጠቀም የጀመረውና ሳቢና አልካየርና ጄምስ ፎስተር በቀመሩት ዘዴ ላይ የተመሠረተው ዘርፈ ብዙ የድህነት መለኪያ ነው። መለኪያው 10 አመልካቾች አሉት። የተመጣጠነ ምግብ፣ የልጅ ሞት፣ የትምህርት ዓመታትና የትምህርት ገበታ ላይ መገኘት እያንዳንዳቸው የ1/6 ክብደት ይይዛሉ፤ የማብሰያ ማገዶ፣ መጸዳጃ፣ የመጠጥ ውኃ፣ መብራት፣ የቤቱ ሁኔታና የቤት ንብረት ደግሞ እያንዳንዳቸው 1/18 አላቸው። የጎደሉት ነገሮች ክብደት ተደምሮ 1/3 ከደረሰ ቤተሰቡ ድሃ ይባላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ባለሁለት በሬ፣ ጎተራው የሞላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ፣ ሬዲዮና ስልክ ያለው፣ የበኩር ልጁም ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ቤተሰብ አለ እንበል። በግብርናው ሪፖርት ይህ ቤት ሞዴል አርሶ አደር ነው። በመለኪያው ስንፈትሸው ግን የሦስት ዓመቷ ልጅ ቀንጭራለች (1/6)፤ ምግብ የሚበስለው በኩበትና በእንጨት ነው (1/18)፤ ውኃ የሚቀዳው ካልተጠበቀ ምንጭ ነው (1/18)፤ መጸዳጃው ለመርገጫ የተሠራ ወለል የሌለው ጉድጓድ ነው (1/18)፤ መብራት የለም (1/18)፤ የቤቱ ወለል አፈር ነው (1/18)። ድምሩ 8/18፣ ማለትም 44 ከመቶ ስለሚሆን ቤተሰቡ በድሃነት ይመዘገባል። ገበሬው ይህን ቢሰማ ሊቆጣ ይችላል፤ ቁጣውም መሠረት አለው፤ መለኪያው ግን ሥራውን ሳይሆን በዙሪያው ያልተሟላለትን ነገር ነው የሚቆጥረው። መግቢያዬ ላይ ያነሣሁት ጥያቄ መልስ መፈለግ የሚጀምረውም ከእንዲህ ዓይነቱ ዝርዝር ነው፤ እህሉ እያለ ልጅቷ የቀነጨረችው በውኃው፣ በተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ በምግቡ አለመሰባጠር ወይም በእናቲቱ የሥራ ጫና ሊሆን ስለሚችል፣ እነዚህ በአንድ መጠይቅ ላይ ጎን ለጎን ካልተጠየቁ ግንኙነታቸው አይታይም።

የወረዳው ውጤት የሚገኘው የድሆቹን ድርሻ ድሆቹ በአማካይ ካለባቸው የጉድለት መጠን ጋር በማባዛት ነው። ከ100 ሰው 60ው ድሃ ቢሆንና እነዚህ ሰዎች በአማካይ ከአመልካቾቹ ክብደት 50 ከመቶው ቢጎድላቸው ውጤቱ 0.30 ነው። የዚህ አሠራር ብልኃት አንድ ቀበሌ መብራት ሲገባለት ማንም ከድህነት ወለሉ ባይወጣ እንኳ ቁጥሩ መቀነሱ ነው።

የመቀንጨር ልኬት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዕድሜያቸው ከ24 ወር በታች የሆኑት ተጋድመው፣ ከዚያ በላይ ያሉት ቆመው ይለካሉ። የልደት ቀን በትክክል ካልታወቀ ልኬቱ ዋጋ ስለሚያጣ፣ ከጤና ኬላው የክትባት ካርድ ጋር ማመሳከር፣ ካርድ ከሌለም ከጥምቀት፣ ከፍልሰታ ወይም ከቀበሌው የታወቀ ክስተት ጋር እያገናዘቡ ወሩን ማጣራት ይገባል።

ስሜትን መጠየቅ

ስለ ኑሮ እርካታ መጠየቅ ከባድ የሚሆነው ሰው መልስ አጥቶ ሳይሆን መልሱ አስቀድሞ በአፉ ላይ ስላለ ነው። «እንዴት ነው ኑሮ?» ለተባለ ጎጃሜ መልሱ «ተመስገን ነው» ነው፤ ታሞም ይሁን ጎተራው ተሟጦ፣ ማማረር ፈጣሪን እንደ መክሰስ ይቆጠራል። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ከሰላምታ ጋር ተያይዞ መምጣት የለበትም። ስለ ቤቱ፣ ስለ ውኃውና ስለ ልጆቹ ተጠይቆ፣ መልስ ሰጪው ወደ ዝርዝር ከገባ በኋላ ይቅረብ።

አሜሪካዊው ሃድሊ ካንትሪል እ.ኤ.አ. በ1965 ያስተዋወቀው የመሰላል ዘዴ እዚህ በደንብ ይሠራል። መረጃ ሰብሳቢዋ መሬት ላይ በእንጨት አሥር እርከን ያለው መሰላል ትሥላለች፤ ከዚያም እንዲህ ትላለች፦ «እማማ፣ ላይኛው እርከን ለእርስዎ ከሚታሰበው ኑሮ ሁሉ የተሻለው ነው እንበል። ከመሰላሉ ሥር፣ መሬቱ ላይ ያለው ደግሞ የከፋው ነው። ዛሬ እርስዎ የትኛው እርከን ላይ ቆመዋል ይላሉ?» መልስ ሰጪዋ በጣታቸው ወይም በጠጠር ያሳያሉ፤ መሬቱ 0፣ ጫፉ 10 ሆኖ ይመዘገባል። ሌሎች ሰዎች፣ በተለይም ባል ወይም አማት፣ አጠገባቸው ቢኖሩ መልሱ ስለሚለወጥ፣ በአንድ ቤት አባወራውንና እማወራዋን ለየብቻ መጠየቅ ግዴታ መሆን አለበት። ውጤቱ ሲጻፍ ደግሞ አማካዩን ብቻ ማስቀመጥ አይበቃም። ብሪታንያ እንደምታደርገው ከ0 እስከ 4 የመለሱትን ሰዎች ድርሻ ለብቻው ማውጣት ከአማካይ የበለጠ ይናገራል።

ማንን፣ መቼ፣ በማን?

ናሙናውን በተመለከተ፣ ከ100 ላይ 5 ነጥብ ወደላይም ወደታችም ሊሳሳት የሚችል ውጤት ለማግኘት በቀላል ዕጣ 384 ቤተሰብ ያስፈልጋል። ቤተሰቦቹ በየጎጡ ተሰብስበው ስለሚመረጡና ጎረቤታሞች ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩን በእጥፍ አድርጎ 768 ማድረስ ይመከራል፤ ይህም በ32 ጎጦች 24፣ 24 ቤተሰብ ማለት ነው። ስምንት መረጃ ሰብሳቢዎች በቀን አራት አራት ቤት ቢጎበኙ ሥራው በ24 የሥራ ቀን ይጠናቀቃል። ይህ ናሙና ስለ ወረዳው ይናገራል እንጂ ስለ እያንዳንዱ ቀበሌ አይናገርም፤ ቀበሌዎችን በደረጃ ለመሸለም የሚጠቀምበት አስተዳዳሪ ቢኖር ባለሙያው እንደማይሆን ሊያስረዳው ይገባል። እንደ ደጀን ያለ ከዓባይ በረሃ እስከ ደጋ የሚወጣ ወረዳ ከሆነ ጎጦቹ በቆላ፣ በወይና ደጋና በደጋ ተከፍለው ዕጣ ይውጣላቸው። ዕጣውም ከቀበሌው ሙሉ መዝገብ ይውጣ፤ አስፋልት ዳር ያሉት ብቻ ከተመረጡ ውጤቱ የአስፋልት ዳር ኑሮ ይሆናል። በጸጥታ ምክንያት ሊደረስበት ያልተቻለ ጎጥ በሌላ ቀርቦ በተገኘ ጎጥ በዝምታ አይተካ፤ ያልተጠየቀ መሆኑ በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ይጻፍ።

ወቅቱ ውጤቱን ይገለብጣል። በነሐሴ የተጠየቀ ገበሬና በታኅሣሥ የተጠየቀው ያው ገበሬ ስለ ምግብ የሚሰጡት መልስ አይገናኝም። የምግብ ስብጥር ጥያቄ ትናንት የተበላውን ስለሚጠይቅ በዐቢይ ጾም ወይም በጾመ ነቢያት ወተትና ሥጋ አይገኝበትም፤ ከዚህም በላይ ረቡዕና ዓርብ ስለሚጾሙ ሐሙስና ቅዳሜ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ አዋቂዎችን ከእውነታው በላይ የተጎዱ ያስመስላል። ሙስሊም ነዋሪዎች ባሉበት የረመዳን ወርም እንዲሁ ይታሰብ። ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ፣ የነነዌ ሦስት ቀናት ሲቀነሱ፣ የተሻለ ነው፤ ያን ጊዜ ገና ውቂያ ያላለቀበት ስለሚኖር ሰውን ከአውድማ ከመለየት አመሻሽ ላይ ቤቱ መሄድ ይመረጣል። የክረምቱን ችግር ለመያዝ «ባለፉት 12 ወራት በየትኞቹ ወራት ምግብ አጥሯችሁ ነበር?» ብሎ ወሮቹን በስማቸው እየጠሩ መጠየቅ ይቻላል።

ጠያቂው የቀበሌው አመራር ወይም ማዳበሪያ አከፋፋይ ከሆነ አንዱ ለግብር፣ ሌላው ለእርዳታ የሚመዘገብ መስሎት ሀብቱን ይሰውራል፤ አንዳንዱም ስሙ በመልካም እንዲነሣ ያጋንናል። ከሌላ ቀበሌ የመጡ መምህራንን ወይም የኮሌጅ ተማሪዎችን ማሠልጠን፣ የመልስ ሰጪው ስም ከመጠይቁ ተለይቶ እንዲቀመጥ ማድረግና ይህንንም ከጥያቄው በፊት በግልጽ መንገር አስፈላጊ ነው።

ድምር ወይስ ዝርዝር?

ከዚህ በኋላ ሁሉንም ወደ አንድ ቁጥር መጭመቅ የሚለው ፈተና ይመጣል። ኢኮኖሚስቱ ማህቡብ ኡል ሐቅ እ.ኤ.አ. በ1990 ያስጀመረው የሰብዓዊ ልማት ጠቋሚ ዕድሜን፣ ትምህርትንና ገቢን ያጣምራል። ለምሳሌ የዕድሜው ክፍል ዝቅተኛው 20፣ ከፍተኛው 85 ዓመት ተደርጎ ስለሚሰላ፣ የአማካይ ዕድሜ ግምቱ 66 ዓመት የሆነ ሀገር (66-20) ÷ (85-20)፣ ማለትም 0.708 ያገኛል። ሦስቱ ክፍሎች እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የሚጣመሩት በመደመር ሳይሆን ተባዝተው የብዜታቸው ሦስተኛ ሥር (ሦስት ጊዜ ተጽፎ እርስ በርሱ ሲባዛ ብዜቱን የሚሰጠው ቁጥር) በመወሰድ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ 0.9፣ 0.9 እና 0.1 ያገኘ ቦታ በመደመር አማካዩ 0.63 ሲሆን በማባዛት 0.43 ብቻ ይሆናል፤ በአንዱ ዘርፍ ያለው ትርፍ የሌላውን ጉድለት እንዲሸፍን አይፈቅድም። አንድ ቁጥር የግድ የሚጠየቅ ከሆነ ይህ ስሌት ይመረጣል።

በእኔ እምነት ግን ወረዳ አንድ ቁጥር አያስፈልገውም። ከዞኑ ጋር ለመወዳደር ካልሆነ በቀር 0.41 የሚለው ውጤት የትኛው ምንጭ መጎልበት እንዳለበት አይነግርም። የተመረጡት አመልካቾች በአንድ ሠንጠረዥ፣ በቆላና በደጋ፣ በወንድና በሴት ተለይተው፣ ከወሰኑ በታች ያለው ሰው ድርሻ ተጽፎባቸው ቢቀርቡ የምክር ቤት አባላት በአንድ ገጽ ያነቧቸዋል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሠንጠረዡ ከሚያዝያ ወር አልፎ መድረስ የለበትም፤ በሰኔ የመጣ መረጃ ካለቀ በጀት በኋላ የመጣ ነው። በቀጣዩ ዙር ጥናቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ቃል ይደገም። አንድ ጥያቄ መለወጡ ግድ ከሆነ የናሙናው ግማሽ በአሮጌው፣ ግማሹ በአዲሱ አነጋገር ይጠየቅና ልዩነቱ በሠንጠረዡ ግርጌ ይጻፍ።